መረጃ ሰብሳቢዋ ደጃፍ ላይ ስትደርስ

ስለ አንድ ማኅበረሰብ በጥናት መጽሐፍም ሆነ በመንግሥት ሰነድ ላይ የሚሰፍር አኃዝ፣ በሠንጠረዥ ተደርድሮና በመቶኛ ተሰልቶ ሲታይ የሰው እጅ ያልነካው ቢመስልም፣ ወደ ምንጩ ቢኬድ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ሰው ሌላውን ጠይቆ ያገኘው መልስ ነው። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ የሚያጠናቸው ነገሮች፣ ማለትም ቤተሰብ፣ ዕድር፣ ድህነት፣ ስደት፣ ሥልጣንና እምነት፣ በሚዛን አይመዘኑም፤ የሚታወቁት የሚኖሩባቸው ሰዎች ሲናገሯቸው፣ ሲያደርጓቸው ወይም ጽፈው ሲያስቀምጧቸው ነው። ስለዚህም የጥናቱ ጥራት ከሁሉ በፊት የሚወሰነው በጠያቂና በተጠያቂ መካከል በሚያልፈው ጊዜ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት የተበላሸን መረጃ ኋላ ላይ የትኛውም የኮምፒውተር ስሌት ሊያቃናው አይችልም።

በሙያው አነጋገር የምርምር ስልትና የመረጃ መሰብሰቢያ ዘዴ ይለያያሉ። ስልት የሚባለው ተመራማሪው ለጥያቄው መልስ የሚፈልግበት አጠቃላይ አካሄድ ነው፤ ብዙ ሰዎችን በአንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቆ መልሳቸውን በቁጥር ማነጻጸር የመረጠ መጠናዊ ጥናት ያካሂዳል፣ ጥቂት ሰዎችን ወይም አንድ መንደርን ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ ነገሩ በነዋሪዎቹ ዘንድ ምን ትርጉም እንዳለው ለመረዳት የፈለገ ደግሞ ዓይነታዊ ጥናት ያካሂዳል። ዘዴ የሚባለው መረጃው እጅ የሚገባበት ተግባር ሲሆን፣ መጠይቅ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ምልከታ፣ የቡድን ውይይትና የሰነድ ምርመራ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች ስለ አጠናን ዘዴ በሚናገሩበት ምዕራፍ እነዚህን ስሞች ከነትርጓሜያቸው ይደረድራሉ፤ መጠይቁን ማን ይዞ እንደሄደ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደጠየቀ፣ ሲጠይቅ አጠገቡ ማን ተቀምጦ እንደነበረ የሚናገር ምዕራፍ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ዝምታ በዕውቀቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከናሙና ማነስ ወይም ከስሌት ስሕተት የሚተናነስ አይደለም።

ዕጣ የወጣላቸው ቤቶች

ዳሰሳ ማለት ከአንድ ሕዝብ መካከል የተመረጡ ሰዎችን ወጥ በሆነ መጠይቅ ጠይቆ ከመልሳቸው ተነሥቶ ስለ መላው ሕዝብ መናገር ነው፤ በኢትዮጵያ ከተካሄዱት ዳሰሳዎች መካከልም በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አሠራሩን በግልጽ ያሳያል። ለሕዝብ ቆጠራ ሲባል አገሪቱ የቆጠራ ቦታ ወደሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው በአማካይ 180 ያህል ቤተሰቦችን ወደሚይዙ ትንንሽ ክልሎች ተከፋፍላ ስለነበር፣ ከእነዚህ ውስጥ 202 ከከተማና 443 ከገጠር፣ በድምሩ 645 በዕጣ ተመረጡ። ከዚያ በኋላ መዝጋቢዎች በእያንዳንዱ ቦታ ቤት ለቤት ዞረው የቤተሰቦቹን ዝርዝር አዘጋጁ፤ ከየዝርዝሩም እኩል ርቀት እየተቆጠረ 28 ቤተሰብ ተወሰደ። በአንድ ቦታ 196 ቤተሰብ ቢኖር፣ የመጀመሪያው ቤት በዕጣ ይለይና ከዚያ በየሰባተኛው ቤት ይገባል ማለት ነው። የዕድል ናሙና የሚባለው ይህ ነው፤ ማንኛውም ቤት የመመረጥ ዕድሉ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ፣ ከተጠየቁት ሰዎች ተነሥቶ ስላልተጠየቁት ለመናገር የሚያስችል መሠረት ይሰጣል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ለመረጃ ሰብሳቢው ከሁሉ የሚከብደው ሕግ የተመረጠ ቤት በሌላ ቤት አይተካም የሚለው ነው። ቤቱ ተዘግቶ ቢገኝ በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ያህል ተመልሶ መሞከር ግድ ነው እንጂ፣ ጎረቤት ያለውን፣ በሩ የተከፈተውንና ሰው የሞላበትን ቤት መተካት አይፈቀድም። ቀን ቤቱ የሚገኝና የማይገኝ ሰው ኑሯቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ የቀን ሠራተኛው፣ ገበያ የወረደችው ነጋዴ፣ አዝመራ ላይ የዋለው ገበሬ በጎረቤት ቢተኩ፣ ጥናቱ ሳያውቀው ሥራ የሚበዛባቸውን ሰዎች ከሕዝቡ ውስጥ አውጥቶ ይጥላል። በዳሰሳው 15,683 ሴቶችና 12,688 ወንዶች የተጠየቁት በዚህ ሕግ ነው።

ቤተሰብ የሚባለውን መበየንም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ለቆጠራና ለዳሰሳ ሥራ የሚያገለግለው ብያኔ አብረው የሚኖሩና ከአንድ ማዕድ የሚመገቡ ሰዎችን አንድ ቤተሰብ ያደርጋል፤ ሆኖም ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ቤይሩት በቤት ሠራተኛነት የምትኖር ልጅ የላከችው ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ እያለበሰውና ታናናሾቿን እያስተማረ፣ ከማዕዱ ግን አትቆርስም። በብያኔው መሠረት የቤተሰቡ አባል አይደለችም፤ እናቷ ቢጠየቁ ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት የእሷን ስም ነው። የቤተሰብ አባል ማን እንደሆነ መለየት ስለሚያስቸግርም የሥነ ሕዝብና ጤናው መጠይቅ በመደበኛነት እዚህ የሚኖር ማን ነው፣ ትናንት ሌሊት እዚህ ያደረ ማን ነው ብሎ ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቃል።

ዕጣ የወጣለት ቤት ከተለየ በኋላ የሚሆነው ነገር በመመሪያ ተጽፎ የሚያልቅ አይደለም። ወደ ገጠር የምትሄድ መረጃ ሰብሳቢ ብዙውን ጊዜ ደጃፍ የምትደርሰው የቀበሌ ሰው መንገድ እየመራት ነው፤ ውሻው ይጮኻል፣ አባወራው ወጥተው ይቀበሏታል፣ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍላታል፣ እማወራዋ ቡና ለማፍላት ሽር ጉድ ይላሉ፣ እንግዳ መምጣቱን ያዩ ጎረቤቶችም አንድ በአንድ እየገቡ ዳር ዳሩን ይይዛሉ። በአገሬው ደንብ ይህ ሁሉ አክብሮት ነው፤ ለጥናቱ ግን ቃለ መጠይቁ ገና ሳይጀመር ሁለት ችግር ይዞ መጥቷል። የቀበሌው ሰው አብሯት በመግባቱ ጠያቂዋ የመንግሥት መልእክተኛ ተደርጋ ትታያለች፤ መልሱም ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለተቀመጠው ጎረቤት ሁሉ የሚሰጥ ይሆናል። «አባቴ፣ ስንት ከብት አለዎት?» ስትል፣ አባወራው ግብር ገማች ፊት እንደቀረቡ ሁሉ አስልተው ይመልሳሉ፤ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር የሚታቀፈው ቤተሰብ ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ የሀብቱ ማነስ በመሆኑም፣ ከብትን አሳንሶ መናገር ለልጆች ጉሮሮ ማሰብ እንጂ ውሸታምነት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም።

መላሹ ምንም ሳይደብቅ ቢናገር እንኳ ጥያቄው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ጠምዶ ያርሳል፤ በስንት በሬ ያርሳሉ ቢባል ሁለት፣ የራስዎ በሬ ስንት ነው ቢባል አንድ ይላል፤ ሁለቱም መልስ እውነት ነው። ደጁ ላይ የታሰረችው ላም የሌላ ሰው ሆና እሱ በርቢ የሚያሳድጋት ልትሆን ትችላለች፤ የእሱ የሆነች ላም ደግሞ በዘመድ ደጅ ታስራ ትገኝ ይሆናል። መሬቱንም ቢሆን ከፊሉን ራሱ ያርሰዋል፣ ከፊሉን ለእኩል ሰጥቶታል፣ ከሌላው ደግሞ በሲሶ ይዟል። አዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ የተዘጋጀ መጠይቅ ይህን የመሰለውን ውስብስብ ዝምድና በአንድ መስመር ለመያዝ ሲሞክር ቁጥር ያገኛል፤ ቁጥሩ ግን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ትርጉሙ ይለዋወጣል። ቅድመ ሙከራ የሚባለው፣ ማለትም መጠይቁን ከዋናው ሥራ በፊት በጥቂት ቤቶች ሞክሮ መላሾች ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱት መመርመር፣ አስፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው ይኸው መሆኑ ያሳዝናል።

የዕድሜ ጥያቄ በተለይ ብዙ ያስተምራል። የልደት ምዝገባ ባልተለመደበት አካባቢ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ለተባሉ እናት የሚቀናቸው መልስ «ወደ ሃምሳ ይሆነኛል» የሚል ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ የሕዝብ ቆጠራዎች በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው ዕድሜዎች እጅግ በዝተው ይታያሉ፤ ሠላሳ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ከሃያ ዘጠኝና ከሠላሳ አንድ ዓመቶቹ እንደ ተራራ ከፍ ብለው ይቆማሉ። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ይህን የዕድሜ ክምችት በዊፕል መለኪያ ይለኩታል፤ መለኪያው 100 ሲሆን ክምችት የለም ማለት ነው፣ 500 ሲደርስ ሕዝቡ በሙሉ በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ተናግሯል ማለት ነው። ጥሩ የሠለጠነ መረጃ ሰብሳቢ በመጀመሪያው መልስ አይረካም፤ የታወቁ ክስተቶች የሰፈሩበትን ዝርዝር ይዞ፣ በ1966ቱ አብዮት ተወልደው ነበር ወይ፣ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጊዜ ምን ያህል ነበሩ፣ በ1977ቱ ረሃብ አግብተው ነበር ወይ፣ በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ስንተኛ ልጅዎን ይዘው ነበር እያለ ዕድሜውን ከሰውየው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ፈልቅቆ ያወጣዋል። ይህ ለአንድ ሰው ብቻ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፤ በቀን መጨረስ ያለበት የመጠይቅ ብዛት የተቆረጠለት ሰው ግን «ወደ ሃምሳ» የሚለውን 50 ብሎ ጽፎ ያልፋል።

የሥራ ጫና መረጃውን ሊያበላሽ እንደሚችል ከዚህም በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መጠይቅ ውስጥ ከአንድ የተወሰነ መነሻ ዓመት ወዲህ ስለተወለደ ልጅ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ተቅማጡ፣ ስለ አመጋገቡና እናቱ በእርግዝና ጊዜ ስላገኘችው ክትትል ረጅም ተከታታይ ጥያቄ ይቀርባል፤ ልጁ ከዚያ በፊት የተወለደ ከሆነ ግን ያ ሁሉ ክፍል ይታለፋል። በእነዚህ ዳሰሳዎች መረጃ ላይ የተደረጉ የጥራት ምርመራዎች፣ ከመነሻው ዓመት ወዲህ የተወለዱ ሆነው የተመዘገቡ ሕፃናት ከሚጠበቀው ያነሱ፣ ከመነሻው ዓመት በፊት እንደተወለዱ የተጻፉት ደግሞ የበዙ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ኢትዮጵያም ይህ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ናት። የደከመ መረጃ ሰብሳቢ የልጁን የልደት ዓመት በአንድ ወደ ኋላ ገፋ በማድረግ በርካታ ገጽ ያድናል። ውጤቱ ግን በአንድ ቤት ተወስኖ አይቀርም፤ በቅርብ ዓመታት የተወለዱ ሕፃናት ስለሚያንሱ የአገሪቱ የወሊድ መጠን ከእውነተኛው ይልቅ በፍጥነት የቀነሰ ይመስላል፤ በዚያ አኃዝ ላይም ፖሊሲ ይነደፋል። ጥፋቱን በመረጃ ሰብሳቢው ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። መጠይቁን ያን ያህል ያስረዘሙት፣ የቀን ኮታውን የቆረጡትና አበሉን የወሰኑት ሌሎች ናቸው።

እዚህ ላይ ዳሰሳው በጥንቃቄ የሠራውንም መጥቀስ ተገቢ ነው። በ2008ቱ ዳሰሳ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካተተው በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ በሚያተኩረው ክፍል፣ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ በዕጣ ተመርጣ ትጠየቃለች፤ ሌላ ሰው ሊሰማ በሚችልበት ቦታም ጥያቄው ጨርሶ አይቀርብም። የመልሱ ብዛት ይቀንሳል ተብሎ ሕጉ አይላላም፤ ባል በር ላይ ቆሞ የምትሰጠው መልስ ለጥናቱ ዋጋ ስለሌለው፣ ለሴትየዋም አደጋ ስለሚሆንባት፣ ባዶ ቦታ መተው ይመረጣል።

ማሪየንታል

መረጃ ሰብሳቢነት ከተመራማሪነት ባልተለየበት ጊዜ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ፣ ዘጠና ዓመት ያለፈው አንድ ጥናት አለ። ከቪየና በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው የማሪየንታል መንደር ነዋሪውን ሁሉ ያሳድር የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 መካከል ደረጃ በደረጃ ተዘጋና 1,486 ነዋሪዎች ካሏቸው 478 ቤተሰቦች አብዛኞቹ ሥራ አጥ ሆኑ። የቪየና ወጣት ምሁራን የነበሩት ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል፣ በመጀመሪያ ሊያጠኑ ያሰቡት የሠራተኛውን የዕረፍት ጊዜ አጠቃቀም ነበር፤ የኦስትሪያ ሶሻል ዴሞክራቶች መሪ ኦቶ ባወር ግን ይህን ያህል ሕዝብ ሥራ አጥቶ ባለበት ሰዓት ሊጠና የሚገባው ሥራ አጥነት ነው ብሎ ሐሳባቸውን አስለወጣቸው። በ1931 መገባደጃ ወደ መንደሪቱ የገባው ቡድን ለራሱ አንድ ሕግ አወጣ፤ ማንም አባል እንደ ባዕድ ተመልካች ቁጭ ብሎ አይጽፍም፣ ሁሉም ለመንደሪቱ የሚጠቅም አንድ ሥራ ይዞ ይገባል የሚል ነበር። የክረምት ልብስ ተሰብስቦ ታደለ፤ ሐኪም ነጻ ምርመራ ሰጠ፤ ለሴቶች የልብስ ቅድ ትምህርት ተከፈተ፤ የቡድኑ አባል ሎተ ዳንሲንገር መንደሯ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ልብስ ለማደል የአንድ መቶ ቤተሰቦችን ችግር መጠየቅ ያስፈልግ ነበርና፣ ያ ጉብኝት የቤቱን ንጽሕና፣ የልጆቹን ሁኔታና የወላጆቹን አነጋገር ለማየት በር ከፈተ። ከዚህ ጎን ለጎን ቤተሰቦች የበሉትን በየቀኑ እንዲመዘግቡ፣ አዋቂዎች ቀኑን በምን እንዳሳለፉት በሰዓት ከፋፍለው እንዲጽፉ፣ ተማሪዎች ለገና በዓል ስለሚመኙት ስጦታ ድርሰት እንዲያዘጋጁ ተደረገ። የማሪየንታል ልጆች የተመኙት ነገር በገንዘብ ሲተመን የጎረቤት መንደር ልጆች ከተመኙት ሲሶውን ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ድህነት ወደ ልጅ ምኞት ውስጥ ምን ያህል ርቆ እንደሚገባ ይህን ያህል በግልጽ የሚያሳይ መጠይቅ ማዘጋጀት ያዳግታል። የቤተ መጻሕፍቱ መዝገብም ተመረመረ፤ መጽሐፍ ለመዋስ ይከፈል የነበረው ገንዘብ ቀርቶ፣ ሰው የሚያነብበት ጊዜ ተትረፍርፎ ሳለ፣ ከ1929 እስከ 1931 ባሉት ዓመታት የተዋሱት መጻሕፍት ቁጥር በግማሽ ያህል አሽቆለቆለ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን በዋናው መንገድ ላይ የተደረገው ልኬት ነው። አንድ የቡድኑ አባል በመስኮት በኩል ተደብቆ፣ ሰዓት ይዞ፣ አላፊ አግዳሚውን ተመለከተ፤ ማን በምን ፍጥነት እንደሚራመድና በመንገዱ ስንት ጊዜ እንደሚቆም መዘገበ። ከወንዶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ እየቆሙ ሲያዘግሙ፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ፈጥነው ያልፉ ነበር። ወንዶቹ ከፋብሪካው ሥራ ጋር ጊዜን የሚከፋፍሉበት ነገር ሁሉ ጠፍቶባቸዋል፤ ሴቶቹ ደግሞ ደመወዙ ቢቀርም ምግብ ማብሰሉ፣ ልብስ መጠገኑና ልጅ ማሳደጉ አልቀረላቸውም፤ ስለዚህ በቃሉ ሙሉ ትርጉም ሥራ አጥ የሆኑት ወንዶቹ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። አንድን ወንድ «ጊዜ ለእርስዎ ትርጉሙን አጥቷል ወይ?» ብሎ በመጠይቅ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ አረማመዱ ግን ተናገረ።

አጥኚዎቹ በመጨረሻ ቤተሰቦቹን ሥራ አጥነትን በሚሸከሙበት መንፈስ በአራት መደቧቸው፤ ያልተሰበሩ፣ ዕጣቸውን የተቀበሉ፣ ተስፋ የቆረጡና ግድ የማይሰጣቸው ብለው ለዩ። ይህን ክፍፍል ከገቢ ጋር ሲያስተያዩት፣ የአንድ ሰው የወር ገቢ በመጀመሪያው መደብ 34 ሺሊንግ፣ በሁለተኛው 30፣ በሦስተኛው 25፣ በአራተኛው 19 ሆኖ ተገኘ። ሰው ሲደኸይ ለአብዮት ይነሣል ብሎ ያሰበ ብዙ ነበር፤ ማሪየንታል ያሳየችው ግን ከጥቂት ሺሊንጎች ልዩነት ጋር ኃይልና ተስፋ አብረው እየተነኑ ሰው ወደ ራሱ ሲሰበሰብ ነው። ቁጥሩ ያለ ጉብኝቱ፣ ጉብኝቱም ያለ ቁጥሩ እዚህ መደምደሚያ ላይ ባላደረሰ ነበር። በሙያው ቋንቋ ይህ መረጃን በተለያየ ዘዴ ማመሳከር ይባላል፤ አንዱ ዘዴ የሚሳሳትበትን ሌላው እንዲይዘው ማድረግ ነው። መጽሐፉ በ1933 ሲታተም ናዚዎች ጀርመንን ይዘው ነበርና ብዙም ሳይነበብ ቀረ፤ ላዛርስፌልድና ዛይዝል ወደ አሜሪካ፣ ያሆዳ ደግሞ ከእስር በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ።

ያም ሆኖ ጥናቱ ከነቀፌታ ነጻ አይደለም። በመስኮት ተደብቆ ሰውን መለካትና ልብስ በማደል ስም ቤት ውስጥ ገብቶ መመዝገብ፣ የመላሹን በዕውቀት ላይ የተመሠረተ ፈቃድ በሚጠይቀው በዛሬው የምርምር ሥነ ምግባር በቀላሉ የሚያልፍ አይሆንም። ሆኖም የያኔዎቹ አጥኚዎች ከመንደሪቱ ወስደው ብቻ አልሄዱም። ዛሬ የፈቃድ ቅጽ አስፈርሞ የሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ የሚወስድና ዳግመኛ የማይታይ ጥናት፣ ቅጹ የተሟላ ስለሆነ ብቻ ከእነርሱ ይበልጣል ማለት አይቻልም።

ደጋ ዳሞትና አሥራ አምስቱ መንደሮች

ተሳትፏዊ ምልከታ፣ ማለትም አጥኚው ከሚያጠናቸው ሰዎች ጋር ኖሮ ቋንቋቸውን ተምሮ ኑሯቸውን እየተካፈለ የሚመለከትበት ዘዴ፣ በኢትዮጵያ ጥሩ ፍሬ ካፈራባቸው ሥራዎች አንዱ አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም ደጋ ዳሞት ያደረገው የርስት ጥናት ነው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚው አባት በሚቆጠር ትውልድ የሚጠየቅ መብት ስለነበረ፣ አንድ ሰው በብዙ ቦታ ባለመብት ነኝ ሊል ይችላል፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ በእጁ የሚገባው መሬት ግን በክርክር ችሎታው፣ በተሰሚነቱና በወዳጆቹ ብዛት ይወሰናል። ስንት ሄክታር አለዎት የሚል መጠይቅ በአንድ የተወሰነ ቀን የተያዘውን ያህል ይመዘግብ ነበር እንጂ መሬቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚንቀሳቀስበትን ኃይል አያሳይም። ሆበን ሙግቱን በመከታተልና የትውልድ ቆጠራውን በመመዝገብ ያንን ኃይል አገኘው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የመሬት አዋጁ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ስለዚህም ያ መዝገብ ዛሬ ሌላ ማንም ሊያደርገው የማይችለው ምስክርነት ሆኗል።

የአንድ መንደር ጥልቅ ጥናት ድክመቱ ሌላውን መንደር የማይወክል መሆኑ ነው፤ ሰፊው ዳሰሳ ደግሞ ስፋቱን በጥልቀት ይከፍላል። ይህን ለማስታረቅ በኢትዮጵያ የተደረገው ሙከራ ከሚገባው ያነሰ ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ኋላም ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር በመሆን በ15 የገጠር መንደሮች 1,477 ቤተሰቦችን እየተመላለሰ ጠይቋል፤ ጎጃም ውስጥ የትመን፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዲንኪ፣ ትግራይ ውስጥ ሐረሳው፣ አርሲ ውስጥ ኮሮዴጋጋ፣ ወላይታ ውስጥ ገራ ጎዶ ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ያንኑ ቤተሰብ በየጊዜው ተመልሶ የሚጠይቅ እንዲህ ያለ ጥናት ተከታታይ ጥናት ይባላል፤ ድሃ የነበረው ማን እንደወጣ፣ የነበረው ማን እንደወደቀ የሚታየው በእሱ ብቻ ነው። በእነዚያው መንደሮች ፊሊፓ ቤቫንና አሉላ ፓንክረስት የተሳተፉበት፣ ነዋሪዎችን በተናጠል ሳይሆን መንደሩን እንደ አንድ አካል የሚያጠና ዓይነታዊ ጥናት ተካሂዶ፣ የየመንደሩን ታሪክ፣ የዕድሩን አሠራር፣ የጋብቻውንና የግጭቱን ሁኔታ መዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 እና ከ2010 በኋላም አጥኚዎች ተመልሰው ሄዱ። ቁጥሩና ትረካው ስለ አንድ መንደር እየተናገሩ በመሆናቸው አንባቢ አንዱን በሌላው መመርመር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረውና በኢትዮጵያ 3,000 ልጆችን በ20 ቦታዎች ሲከታተል የቆየው የያንግ ላይቭስ ጥናትም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ከዚህ ጥናት አንድ ትንሽ ብልሃት መጥቀስ ይበቃል። በኢትዮጵያ ኑሮ እንዴት ነው ተብሎ የተጠየቀ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ይህ ምስጋና ለጠገበውም ለተራበውም አንድ ነው። ስለዚህ መላሹ እርካታውን በቃል እንዲናገር ከመጠየቅ ይልቅ ዘጠኝ እርከን ያለው መሰላል ይቀርብለትና ከላይ እጅግ ጥሩ፣ ከታች እጅግ መጥፎ ኑሮ ቢሆን ራሱን የት እንደሚያስቀምጥ ይጠየቃል። ፍጹም መለኪያ ባይሆንም፣ ፈጣሪን ሳያማርሩ ችግርን ለማሳየት መንገድ ይከፍታል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ኮሮና ቤት ለቤት መሄድን ሲያግድ በስልክ የሚደረጉ ዳሰሳዎች ተስፋፍተዋል፤ ርካሽና ፈጣን በመሆናቸውም ከወረርሽኙ በኋላ ቀጥለዋል። ስልክ የሌለው ቤተሰብ፣ ስልኩ በባል እጅ ያለባት ሴትና ኔትወርክ የማይደርስበት ቆላ ግን ከናሙናው ይወጣሉ፤ በክብደት ስሌት ማስተካከል የሚቻለው ከፊሉን ብቻ ነው። አገሪቱ የመጨረሻ የሕዝብ ቆጠራዋን ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ አብዛኞቹ ዳሰሳዎች ናሙናቸውን የሚመዙት ከዚያ ቆጠራ ወይም ከእሱ ከተሻሻለ ካርታ ነውና፣ መሠረቱ ባረጀ ቁጥር በላዩ የሚሠራው ሁሉ ይናጋል።

ስለሆነም ጥናት የሚያሠሩ ተቋማት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክሩ መምህራንና ለምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች ሁሉ መረጃ የሚሰበስበውን ሰው ከሰንሰለቱ መጨረሻ አንሥተው ወደ መሐል ሊያመጡት ይገባል። መጠይቁ ይጠር፤ ቅድመ ሙከራ ከበጀት አይሰረዝ፤ አማካሪው የተማሪውን ሠንጠረዥ ከማየቱ በፊት የመስክ ማስታወሻውን ይጠይቅ፤ መረጃ ሰብሳቢዎች በቤቶቹ ያዩትን የሚናገሩበት ስብሰባ በየሳምንቱ ይደረግ። የሚታተመው ዘገባም ማን እንደጠየቀ፣ በምን ቋንቋ፣ በማን ፊትና ምን ያህል ጊዜ ወስዶ እንደጠየቀ ይጻፍበት፤ ይህ ያልተጻፈበትን አኃዝ አንባቢ ሳይጠራጠር አይቀበል።